ወደ አንቺ የሚባል አቅጣጫ

ባሌ ላይና ታች እንጂ ግራና ቀኝ አያውቅም። ላማው ፈልጌ አይደለም፤ ሥራው ራሱ ሊፍት መጠገን ነው። ዕድሜውን ሙሉ በሕንፃ ሆድ ውስጥ፣ በሊፍት አናት ላይ ቆሞ ሲወጣና ሲወርድ የኖረ ሰው ግራና ቀኝ ምን ሊያደርግለት? የሥራ ባልደረቦቹ «ኮምፓስ» ይሉታል። በተዋወቅን ሰሞን ስሙን ስሰማ ሙገሳ መስሎኝ ኮርቼ ነበር። ጉዱን የነገሩኝ በኋላ ነው። አንድ ትልቅ ሆቴል ሊፍት ሊጠግን ሄዶ፣ ጨርሶ ሲወጣ በሩ ይጠፋበትና የሰው ስብሰባ ውስጥ ዘው ይላል። ተመልሶ መውጣት አሳፍሮት ስብሰባው እስኪበተን ከኋላ ተቀምጦ፣ አጨብጭቦ ወጣ። «ምናለ ሰው ብትጠይቅ?» ብለው፣ «ንግግሩ ደኅና ነበር» አለኝ።

እኔ ደግሞ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነኝ። እግዜር ሲያጣምድ እንዲህ ነው።

እንደተጋባን አሮጌዋን መኪናችንን እኔ እየነዳሁ እሱ መንገድ ሊያሳየኝ ሲሞክር ልንፋታ ምንም አልቀረንም ነበር። አፉ «ግራ!» ይላል፣ እጁ ወደ ቀኝ ይጠቁማል። የቱን ልመን? ብዙ ከተጨቃጨቅን በኋላ አንድ ዘዴ አበጀን። የመኪናችን መሪ በግራ በኩል ስለሆነ እኔ ምንጊዜም ከሱ በስተግራ ነኝ። ስለዚህ ወደ ግራ ሲሆን «ወደ አንቺ» ይላል፤ ወደ ቀኝ ሲሆን «ወደ እኔ»። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም፤ እኔ የት እንዳለሁ ይጠፋዋል እንዴ? ልጃችን ከኋላ ወንበር ላይ ይህን እየሰማች ነው ያደገችው። ትምህርት ቤት ገብታ አስተማሪዋ «ግራ እጅሽን አንሺ» ብትላት «የእማዬን ነው የአባዬን?» ብላ ጠይቃ እኔ ተጠርቻለሁ።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው አውሮፕላን የሠራው።

አውሮፕላን ስል የልጅ መጫወቻ እንዳይመስላችሁ። ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ፣ ሞተር ያለው፣ ተመርምሮ ፈቃድ የወጣለት አውሮፕላን ነው። ንድፉን አስመጥቶ፣ አሉሚኒየሙን መኪና ማቆሚያችን ውስጥ እየቆረጠ፣ እየበሳ፣ በሪቬት እያያያዘ ስንት ዓመት ፈጀበት። መኪናችን ደጅ አደረች። አንደኛው ክንፍ ቦታ አጥቶ ሳሎን ከርሟል፤ እንግዳ ሲመጣ ጨርቅ አልብሼ ስንት ጊዜ «ቡፌ ነው» ብያለሁ። ተው ብለው ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

እውነቱን ለመናገር ይወድቃል ብዬ አልፈራሁም። የሱ እጅ ያጠበቀው ብሎን እንደማይፈታ አውቃለሁ፤ በጠገነው ሊፍት ስወጣ ዓይኔን አላሽም። የፈራሁት መጥፋቱን ነው። ገበያ ማዕከል ገብቶ ወደ መኪናችን መመለስ የሚቸግረው ሰው፣ ሰማይ ላይ ማንን አስቁሞ ይጠይቃል? ሜዳው ጠፍቶበት ነዳጁ እስኪያልቅ ሲዞር ይታየኛል።

መብረር ያስተማሩት ካፒቴኑ የምንላቸው ጡረተኛ አብራሪ ናቸው። ከከተማ ወጣ ብሎ ያለውን ትንሽ የአውሮፕላን ሜዳ የሚጠብቁትም እሳቸው ናቸው። ፈቃዱን ሲያገኝ እሳቸው ባሉበት ቃል አስገባሁት፤ መንገድ የሚያሳይ መሣሪያ ሳይገባለት ከሜዳው ዙሪያ አንዲት ስንዝር አይርቅም። ስንዝር አልኩ እንጂ እሱ ያሰበው ሌላ ነው። ልጃችን አግብታ ከተራራው ማዶ ነው የምትኖረው። በመኪና ተራራውን ዞረን ስንደርስ ቀኑ ያልቃል፤ በአየር ግን ፊት ለፊት ነው። እዚያም ሜዳ አለ። አውሮፕላኑን የሠራው ለዚህ ነው። ማታ ማታ እራት ላይ «ምሳ በልተን ሄደን ለራት እንመለሳለን» ይለኝ ነበር፣ ቀጠሮ የያዘ ይመስል።

መሣሪያ መምረጡ ከአውሮፕላኑ ሥራ ባሰብን። ገና ከመጀመሪያው፣ ምንም ሳይገዛ፣ በመጽሔት ላይ ያየውን ትልቅ ጂፒኤስ ልክ ወስዶ የአውሮፕላኑን የፊት ሰሌዳ ቀዶታል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ። ሱቅ ስንሄድ ሻጩ ያንኑ ትልቁን አወጣልን። ቀለሙ ዓይን ያፈዛል። ተራራውን ያሳያል፣ ደመናውን ያሳያል፣ ነፋሱን ያሳያል።

«እናቴ፣ ይሄ እኮ የቀረው ሻይ ማፍላት ብቻ ነው» አለኝ ሻጩ።

«ሻይ እኔም አፈላለሁ» አልኩት። «ይሄን ሰውዬ ቤቱ ይመልሰዋል ወይ?»

ያን ጊዜ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። ሰማይ ላይ ከመሞከር ለምን መሬት ላይ አንሞክረውም? እኔ እነዳለሁ፤ እሱ መሣሪያውን ብቻ እያየ ይመራኛል፤ እኔ ባውቀውም ባላውቀውም እሱ ያለኝን እታጠፋለሁ። ለካፒቴኑ ስነግራቸው አገጫቸውን አሹ። «መጥፎ ሐሳብ አይደለም» አሉ። «ፀሐይ ላይ ሞክሩት። መንገዱም ጎርባጣ ይሁን፤ አየር አስፋልት አይደለም።»

መታወቂያዬን መያዣ ሰጥቼ ትልቁን ወሰድን። ጥላ ውስጥ ንጉሥ ነበር። ፀሐይ ሲመታው ግን ባሌ ስክሪኑ ላይ የራሱን ፊት እንጂ ሌላ ነገር አላየም። «ምን ያሳያል?» ስለው «ጢሜን መላጨት እንዳለብኝ» አለኝ። የአውቶቡስ ሹፌር የከተማውን ጉድጓድ ሁሉ በስሙ ያውቃል፤ እየመረጥኩ ገባሁበት። ስክሪኑ በጣት የሚነካ ስለሆነ፣ መኪናዋ በዘለለች ቁጥር ጣቱ ያላሰበው ቦታ ያርፋል። አንዴ ካርታውን ሊያቀርብ ብሎ ቋንቋውን ቀየረው። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም የምናነበው ነገር አልነበረም። ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ዳር ይዤ ቆምኩ፤ እሱ ግን አልሳቀም፣ የቀደደውን ሰሌዳ እያሰበ ነው።

ቀጥሎ ከሜዳው አብራሪዎች አንዱ ታብሌቱን አዋሰን። እሱም ከእጅ አይሻል ዶማ ሆነ። ከመስታወቱ ሥር ፀሐይ ላይ ትንሽ እንደቆየ «ሞቆኛል» የሚል ጽሑፍ አወጣና ጥቁር ብሎ ጠፋ። መኪና ዳር ይዞ ይቆማል። አውሮፕላን የት ዳር ይይዛል?

ሦስተኛዋን ሻጩ ራሱ ከታችኛው መደርደሪያ ጎንበስ ብሎ አወጣት። የእጅ መዳፍ የምታክል፣ መልክ የሌላት ነገር ናት። በጣት አትነካም፤ የሚሽከረከሩ ሁለት ቁልፎች አሏት፣ በጓንትም ይሠራሉ። የራሷ ባትሪ አላት። ከመቀመጫዋ ነቅለህ ኪስህ መክተት ትችላለህ። ባሌ ቁልፎቹን ቀጭ ቀጭ ሲያደርጋቸው የሊፍት ቁልፍ ትዝ ሳይለው አልቀረም፣ ፊቱ በራ።

ወደ ሰሜን ስንወጣ ምን ልበላችሁ! «ወደ አንቺ… ወደ እኔ… አሁን ቀጥ በዪ…» ፀሐይ ቢመታት፣ ጉድጓድ ብገባ፣ ንቅንቅ የለም። ከከተማው ጫፍ ደርሰን ስንዞር በልቤ ተገላገልኩ እያልኩ ነበር። ወደ ደቡብ እንደተመለስን ግን ነገሩ ሁሉ ተገለባበጠ። «ወደ አንቺ» ይላል፣ እታጠፋለሁ፣ አጥር ነው። «ወደ እኔ» ይላል፣ እታጠፋለሁ፣ የብሎኬት ማምረቻ ግቢ ነው። የጥበቃው ሰው ወጥቶ «ስንት ብሎኬት ትፈልጋላችሁ?» አለን። እኛው ባበጀነው ቋንቋ፣ ተሳስቶ በማያውቅበት በ«ወደ አንቺ» እና በ«ወደ እኔ» ሲሳሳት ሳይ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

ባሌ መሣሪያዋን አጠፋትና ጭኑ ላይ አስቀመጣት።

«መሣሪያዎቹ አይደሉም» አለ። «ችግሩ እኔ ነኝ። አውሮፕላኑን እሸጠዋለሁ።»

ይህን ቃል ከአፉ ስጠብቅ ስንት ዓመቴ! ክንፉ ሳሎን ከገባበት ቀን ጀምሮ ነው። ዕልል ማለት ሲገባኝ ሆዴ ባባ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ቢናገር፣ መሪውን በቡጢ ቢመታ ይሻለኝ ነበር። እሱ ግን እጁ ላይ ያለውን የአሉሚኒየም ጭረት እያሻሸ የብሎኬቱን ክምር ያያል። ያ ሰው እንዲህ ሲሆን ማየት እንደማልችል ያኔ ገባኝ። እንዲሸጠው አልፈልግም። ደግሞ እንዲጠፋብኝ አልፈልግም። በሁለቱ መሀል ያለው ነገር ያቺ መዳፍ የምታክል መሣሪያ ብቻ ናት።

«ወዲህ በላት» ብዬ ነጠቅኩት። አበራኋትና መሪው ላይ አስደግፌ ወደ ቤታችን ቀስ ብዬ መንዳት ጀመርኩ። መንገዱን እኔ አውቀዋለሁ፤ ያላወቅኩት እሷ ምን እንደምታደርግ ነው። ስክሪኑ ላይ መኪናችንን የምትወክል ትንሽ ቀስት አለች። እኛ ወደ ፊት እንሄዳለን፤ ቀስቷ ግን ቁልቁል ትወርዳለች።

«ኮምፓስ፣ እያት እስኪ። ወደ ታች ነው የምትሄደው እኮ!»

አንገቱን አስግጎ አየ። ከዚያ ሊፍት ሲበላሽ የሚያደርገው ዓይነት አተያይ አየኋት፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ።

«ሰሜን ምንጊዜም ላይ ነው ለሷ» አለ ቀስ ብሎ። «ወደ ሰሜን ስንሄድ ልክ ነበርኩ። ወደ ደቡብ ስንሄድ ግን… ቆይ… ይቺ እኮ ሰውየውን ዘቅዝቃ ነው የምታወርደው! የትኛው ሊፍት ነው ሲወርድ ሰው በጭንቅላቱ የሚቆመው?»

መሣሪያዋን ገልብጬ፣ ታችዋን ላይ አድርጌ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። አንዴ አየ።

«ወደ አንቺ» አለ።

ታጠፍኩ። ትክክል ነው።

«ወደ እኔ… አሁንም ወደ እኔ…» ትክክል ነው። ጽሑፉ ተገልብጦ፣ ቁጥሩ ተገልብጦ፣ እሱ ግን ቀጥ ብሎ መራኝ። ቤታችን በር ላይ ስቆም ሁለታችንም እንደ ልጅ እንስቅ ነበር። እዚያው መኪናው ውስጥ ሆኖ ቁልፎቹን ሲያሽከረክር፣ ካርታውን ከሰሜን ይልቅ ከሚሄዱበት አቅጣጫ ጋር የሚያዞር ማስተካከያ አገኘ። ከዚያ በኋላ ወዴትም ብትዞር ፊትህ ያለው ምንጊዜም ላይ ነው፣ ከኋላህ ያለው ታች። ለሊፍት ሠራተኛ ከዚህ ወዲያ ምን ይፈለጋል?

የተቀደደውን ሰሌዳ በአሉሚኒየም ለጥፎ ያቺን ትንሿን መሀሉ ላይ አስቀመጣት፤ ትልቅ ግድግዳ ላይ ያለች አንዲት የመብራት ማብሪያ መሰለች። ካፒቴኑ መግነጢሳዊ ኮምፓስም ይኑር፣ የወረቀት ካርታም ይኑር አሉ። «ባትሪ ይሞታል፤ ኮምፓስ አይሞትም» ሲሉ ባሌ ስለሱ የተነገረ ያህል ኮራ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ከካፒቴኑ ጋር ሲለማመድ በሬዲዮ «ወደ አንቺ ታጥፌያለሁ» ብሎ አረፈው። ካፒቴኑ ከጎኑ ተቀምጠው ጮኹበት። «ማን ናት አንቺ? ሬዲዮ ላይ ወደ አንቺ የሚባል አቅጣጫ የለም! ግራ በል፣ ቀኝ በል!» ሰዓቱን ግራ እጁ ላይ አስሮ፣ ሰዓት ግራ ነው፣ ሰዓት ግራ ነው እያለ በሊፍት አናት ላይ ሁሉ ሲለማመድ ሰነበተ።

ወደ ልጃችን የሄደ ቀን ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ከካፒቴኑ ጋር በሜዳው ጠርዝ ካለችው የሬዲዮ ክፍል ተቀመጥኩ። ሰማዩ ትንሽ አቧራ አለው እንጂ ደኅና ነበር። ተነሥቶ ከተራራው ጀርባ ገባ። እኔ የክፍሏን ወለል በእርምጃ ስለካ፣ ስመላለስ፣ ስልኬ ጮኸ።

«እማዬ! አባዬ ደረሰ!» አለች ልጄ። «ሜዳውን አንዴም አልሳተውም። ቀጥ ብሎ መጣ። ምሳ ልንበላ ነው።»

ነፍሴ መለስ አለች። ግን ገና ግማሽ ነበር። መምጣቱ ወደ ደቡብ ነው፤ ብሎኬት ማምረቻ ያስገባን አቅጣጫ።

ከሰዓት በኋላ «ተነሥቷል» ብላ ደወለችልኝ። ከዚያ ቁጭ ብለን መጠበቅ ሆነ። ሊደርስ ነው በምንልበት ሰዓት ፍየሎች አጥር ጥሰው ማኮብኮቢያው ላይ ገቡ። ካፒቴኑ ተራገሙና ብስክሌታቸውን ይዘው ሊያባርሯቸው ወጡ። «ሬዲዮው ከተናገረ ስሚልኝ» አሉኝ።

ሬዲዮው ተናገረ።

«ሽሽሽ… ግራ ገባ… ሽሽሽሽ…»

ከዚያ ዝም።

ግራ ገባኝ አለ! ተራራውና ሜዳው ተምታቶበት፣ አቧራ ውስጥ ብቻውን ሆኖ ግራ ገባኝ አለ። በመስኮት ብመለከት ሰማዩ ባዶ ነው። የማይክራፎኑን ቁልፍ ተጭኜ ጮኽኩ፦ «የት ነህ? የት ነው ያለኸው? ኮምፓስ!» መልስ የለም። ወደ በሩ ሮጬ «ካፒቴን! ግራ ገባው!» ስል ፍየሎቹን ትተው ብስክሌታቸውን እያንገዳገዱ መጡ።

«ምን አለ? ቃሉን ንገሪኝ» አሉ እያለከለኩ።

«ግራ ገባኝ አለ!»

ፊታቸው ተለወጠ። ማይክራፎኑን ወስደው በተረጋጋ ድምፅ «ያለህበትን ንገረን» አሉ። እንደገና «ያለህበትን ንገረን» አሉ። ሬዲዮው ሽሽሽ ከማለት በቀር ዝም። ለምን እንዲሸጠው አልተውኩትም፣ ምን ነክቶኝ ነው መሣሪያዋን ነጥቄ የገለበጥኩት እያልኩ የወንበሩን መደገፊያ ይዤ ቀረሁ።

ያን ጊዜ ድምፁ ጥርት ብሎ መጣ፤ ትንሽ ተቆጥቷል።

«በግራ ገባሁ ነው ያልኩት! ወደ ማረፊያው በግራ ገባሁ። አንተ ራስህ… ይቅርታ ካፒቴን፣ እርስዎ ራስዎ አይደል ግራ በል ያሉኝ?» ከዚያ ድምፁ ለስለስ አለ። «እሷ ናት የጮኸችው? ንገሯት። ወደ አንቺ ነኝ። አሁን ወደ አንቺ እየታጠፍኩ ነው።»

ወደ መስኮቱ ቀና አልኩ። ከዛፎቹ በላይ አንድ ነጭ ነገር ክንፉን ወደ እኛ አዘንብሎ ሲዞር አየሁት። ግራው እኛ ያለንበት ነው። ማኮብኮቢያውን ይዞ፣ ከቀሩት ሁለት ፍየሎች ማዶ፣ አንዴ ነጠር ብሎ አረፈ። እፎይ! እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ሳልደብቅ አለቀስኩ። ካፒቴኑ ባርኔጣቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከኩ። ስለ ሬዲዮ ደንብ ግን አንድም ቃል አልተነፈሱም።

ስንመለስ እኔ ነዳሁ። እሱ ከጎኔ ተቀምጦ ልጃችን ምን እንዳለች፣ ተራራው ከላይ ሲታይ ምን እንደሚመስል ያወራል፤ እኔ ግን ቃሉን ሳይሆን ድምፁን ነበር የምሰማው። ከዋናው መንገድ ስንደርስ ታጠፍኩ። ትንሽ እንደሄድን ወደ መስኮቱ አየ፣ ወደ እኔ አየ።

«ቤታችን» አለ በጥንቃቄ፣ «ወደ እኔ አልነበረም እንዴ?»

ዕድሜ ልኬን በዚያ መንገድ አውቶቡስ የነዳሁ ሴት ቀና ብዬ ባይ፣ ግራ ገብቻለሁ። ዳር ይዤ ቆምኩ፣ መሳቅና ማልቀስ አንድ ላይ መጣብኝ።

«ግራ ገባኝ» አልኩት።

ከኪሱ ያቺን መልክ የሌላትን ትንሽ መሣሪያ አወጣና አበራት።

«አይዞሽ» አለኝ። «እኔ አሳይሻለሁ።»